እብደቱ ግጥሙ ላይ ነው፣ ባንዱ ግን አላበደም

ጥያቄው የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «የተከራየሁት ቤት ምድር ቤት ውስጥ የድሮ ተከራይ ጥሎት የሄደ አንድ ካርቶን ሸክላ አገኘሁ። አንደኛው ላይ አንድ ጥቁር ሰውዬ በውስጥ ልብሱ ተቀምጦ ይታያል። ስሙ ስዋምፕ ዶግ ይላል፣ አልበሙ ደግሞ ቶታል ዲስትራክሽን ቱ ዩር ማይንድ። የቀልድ ሥራ መስሎኝ ስቄ ነበር፤ ሳጫውተው ግን ሳቄን ዋጥኩ። ሮክ ነው ወይስ ሶል? ሰውዬው ፕሮዲውሰር ነበር ይላሉ፤ ፕሮዲውሰር ከሆነ ምን አዘፈነው? ያኔ ካልተሸጠስ አሁን ለምን ያብዱለታል? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ካልሸጥክልኝ ብሎ ይዞኛል። ልሽጥለት?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው እንዳትሸጥ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ቃል እናጥራ። እኛ ጋ በካሴት ዘመን «ፕሮዲውሰር» ሲባል ብር የሚያወጣው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ሙዚቃ ቤቱ። ሙዚቃውን የሚሠራው ሌላ ነው፣ እሱን አቀናባሪ እንለዋለን። በ1960ዎቹ አሜሪካ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) ፕሮዲውሰር ማለት ሌላ ፍጡር ነበር። ዘፈኑን ይመርጣል። ዘፈኑን ከዘፋኙ ያጋባል። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ስቱዲዮ፣ የትኛው ድራመር እንደሚሻል ያውቃል። ኪዩ (የዘፈኑ የድምፅ ከፍታ) ከፍ ይበል፣ ፍጥነቱ ይቀነስ፣ ይሄ አልጣመኝም እንደገና እንቅዳው የሚለው እሱ ነው። ዘፋኟ መድረክ ላይ ታበራለች፣ እሱ መስታወቱ ጀርባ ሲጋራውን ያጨሳል። ያንተ ሰውዬ ከመስታወቱ ጀርባ የነበረው ነው።

እውነተኛ ስሙ ጄሪ ዊሊያምስ ነው። በ1942 ፖርትስመዝ፣ ቨርጂኒያ ተወለደ፤ አገርህ ልጅ ነው እንግዲህ፣ ካለህበት በመኪና ጥቂት ሰዓት ብትነዳ ነው። በ12 ዓመቱ፣ በ1954፣ ወላጆቹና አጎቱ እያጀቡት የመጀመሪያ ሸክላውን ቀዳ። ከዚያ «ትንሹ ጄሪ» እየተባለ ባለ ክራቫትና ባለ ሱፍ የሶል (የጥቁር አሜሪካውያን የስሜት ሙዚቃ) ዘፋኝ ሆነ፤ በ1966 አንድ ዘፈኑ የአር ኤንድ ቢ፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ፣ የተወዳጆች ሰንጠረዥ ውስጥ ገብታለታለች። ግን በዚያ መንገድ እንደማይዘልቅ የገባው ይመስለኛል። ድምፁ ግሩም ነው፣ ቀጭንና ሰንጣቂ፣ አሸዋ ያለበት። ችግሩ ያን ጊዜ ግሩም ድምፅ በየመንገዱ ነበር። ስለዚህ ወደ ጓዳ ገባ። ሙዚኮር የሚባል ኩባንያ ውስጥ ሠራ፣ ከዚያ አትላንቲክ የሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ገባ። ለፓቲ ላቤል ቡድን ሠርቷል። ገና ማንም የማያውቃቸውን የኮሞዶርስ ልጆች በ1969 የቀዳቸው እሱ ነው፤ ሊዮኔል ሪቺ የተገኘበት ባንድ።

ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ላንሳልህ፣ ምክንያቱም ካርቶንህ ውስጥ ያለውን ሸክላ ያለሱ መረዳት ይከብዳል። ዶሪስ ዱክ የምትባል ዘፋኝ ነበረች። ለእሷ በ1970 አይ አም ኤ ሉዘር የሚል አልበም ሠራላት። «ተሸናፊ ነኝ» ማለት ነው። የባለትዳር ሰው ውሽማ የሆነች ሴት ስታወራ ነው አልበሙን የምታገኘው፤ ያለ ማስመሰል፣ ያለ ማልቀስ። አንዷ ዘፈን ከአሥሮቹ የአር ኤንድ ቢ ተወዳጆች ውስጥ ገባች። ጥልቅ ሶል የሚሉትን የደቡብ ሙዚቃ ከሚወዱ ሰዎች ጋር ከተቀመጥክ ይህን አልበም ሳያነሱ አይነሱም። እዚህ ላይ ምንም ቀልድ የለም። ሥራውን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። እና ይኸው ሰው፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ካንየን በሚባል ኩባንያ ስም፣ በዚያው ስቱዲዮ፣ በውስጥ ልብሱ ሆኖ ፎቶ ተነሳና ያንተን አልበም አወጣ።

ምን ነካው?

ራሱ በተለያየ ጊዜ ሲያወራው ኤል ኤስ ዲ የሚባለውን ዕፅ ቀምሶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው መሆን አልቻለም። ይሄ አንድ ነገር ነው። ለእኔ ግን ስሙ ይበልጣል። «ስዋምፕ» ረግረግ ነው፤ የአትላንቲኩ ፕሮዲውሰር ጄሪ ዌክስለርና መሰሎቹ የደቡቡን ወፍራም ድምፅ የሚጠሩበት ቃል ነበር። ውሻውን የጨመረው ራሱ ነው። ሰበቡን ሲናገር፣ ውሻ ሶፋ ላይ ይተኛል፣ ምንጣፍ ያበላሻል፣ ጫማ ያኝካል፣ ያም ሆኖ ሰው ይወደዋል፣ ከውሻ ማንም ብዙ አይጠብቅም ይላል። በእኛ ቋንቋ «ውሻ» መባል ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሰው ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠራል ብለን አናስብም። እሱ ግን ስድቡን ቀድሞ ለራሱ ወሰደውና ነፃ ወጣ። ጄሪ ዊሊያምስ ስለ ጦርነት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ዲቃላ ልጅ ቢዘፍን ሬዲዮው ይታዘበዋል። ውሻው ቢዘፍንስ? ውሻ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ሮክ ነው ወይስ ሶል?

ጊዜውን አስታውስ። በ1968 መጨረሻ ኖርማን ዊትፊልድ፣ እሱም ፕሮዲውሰር ነው፣ ቴምፕቴሽንስ የሚባሉትን ዘፋኞች ይዞ ክላውድ ናይን በሚለው ዘፈን ሞታውን የሚባለው የሶል ኩባንያ ውስጥ ዋዋ የሚባለውን የጊታር ድምፅ አስገባ። ስላይ ስቶን ካሊፎርኒያ ላይ ሮኩንና ሶሉን አንድ ምጣድ ላይ ጋግሮታል። ቺካጎ ውስጥ ቻርልስ ስቴፕኒ ሮታሪ ኮኔክሽን ለሚባለው ቡድን ሙሉ ኦርኬስትራ ያዘንብ ነበር። አይዛክ ሄይስ፣ እሱም ለሌላ ሰው ሲጽፍና ሲያቀናብር የኖረ የጓዳ ሰው፣ በ1969 ሆት በተርድ ሶልን አወጣ፤ አራት ዘፈን ብቻ ያለው አልበም ነው፣ አንዱ ብቻውን ከ18 ደቂቃ ይበልጣል። ሁሉም ሙዚቃውን እየለጠጡ ነበር። ሳይኬደሊክ ማለት ይሄው ነበር፤ ማርዘም፣ ማስተጋባት፣ መንሳፈፍ።

ውሻው ምን አደረገ? 12 ዘፈን። ሁሉም አጫጭር። መግቢያ፣ ግጥም፣ አዝማች፣ ድልድይ፣ በቃ። የሶል አሠራሩን አንድ ብሎን አልፈታም። ልዩነቱ እዚህ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚስተውም ይሄንን ነው፤ እብደቱ ያለው ግጥሙና ሽፋኑ ላይ ነው፣ ባንዱ ግን አላበደም።

ባንዱን ላስተዋውቅህ። አልበሙ የተቀዳው ሜከን፣ ጆርጂያ በሚገኘው ካፕሪኮርን ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮውን በ1969 የከፈተው የሶል ዘፋኙ የኦቲስ ሬዲንግ ማኔጀር የነበረው ፊል ዋልደን ነው፤ ኦቲስ በ1967 በአውሮፕላን አደጋ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። በኋላ ኦልማን ብራዘርስ የሚባለው የሮክ ባንድ ቤት ሆኖ ታወቀ። ድራሙ ላይ ጆኒ ሳንድሊን፣ ኪቦርዱ ላይ ፖል ሆርንስቢ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ከኦልማን ወንድማማቾች ጋር አወር ግላስ በሚባል ባንድ አብረው የተጫወቱ ናቸው። ጊታሩ ጄሲ ካር ነው። ቤዙ ደግሞ ሮበርት ፖፕዌል፣ በኋላ ክሩሴደርስ ከሚባለው የጃዝ ባንድ ጋር የምትሰማው። አየህ፣ «ሮክ ነው ወይስ ሶል» የሚለው ጥያቄ እዚህ ክፍል ውስጥ ትርጉም የለውም። ጠዋት ሶል ከሰዓት ሮክ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ነጭ የደቡብ ልጆች፣ አለቃው ጥቁር፣ ግዛቱ ጆርጂያ፣ ጊዜው 1970። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው።

አሁን ሸክላውን አስቀምጥና የመጀመሪያውን ዘፈን፣ የአልበሙን ስም የያዘውን፣ አብረን እንስማ። ዋዋ ጊታሩን ታውቀዋለህ፤ እግር ሥር ባለ ፔዳል ድምፁ እንደሚያወራ ሰው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ። ያ የሮኩ ድርሻ ነው። ከሥሩ ቤዙን ስማ። ቤዙ ዝላይ የለውም፣ ጉራ የለውም፣ መሬቱን ይዞ ይሄዳል። ትራምፔትና ሳክስፎኑ ሲገቡ ደግሞ ልክ የተለመደ የሶል ባንድ እንደሚገባው ነው፣ ሰዓቱን ጠብቀው፣ ተቆርጠው። ከዚያ ሰውዬው መጥቶ ኮርን ፍሌክስ ላይ ቁጭ ብዬ በሮለር ስኬት እየሄድኩ ምናምን ይላል። ትርጉም የለውም። ግን አፉ ሲናገረው ልብህን ይይዛል፣ ምክንያቱም ድምፁ እየቀለደ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሰው ነው የሚጮኸው። ግጥሙን አውጥተህ የፍቅር ግጥም ብታስገባበት አንድም መሣሪያ ሳትቀይር የ1967 የሶል ዘፈን ይሆንልሃል። ሞክረው፣ በአማርኛም ይሠራል፤ እኔ መኪና ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ ባለቤቴ ምስክር ናት።

ይሄን ነገር እኔ በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። ሙያዬ ድምፅ መቅዳትና ሚክስ ማድረግ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ዘፋኝ መጥቶ «ሳይኬደሊክ አርግልኝ» አለኝ። እኔም ደስ አለኝና ጊታሩ ላይ ዋዋ፣ ድምፁ ላይ ማስተጋቢያ፣ ድራሙ ላይ ማስተጋቢያ፣ ኪቦርዱን ወደ ኋላ አዙሬ ምኑን ቅጡ። ሦስት ቀን ደከምኩበት። የወጣው ነገር ቅመም ሁሉ የተገለበጠበት ሹሮ ነበር፤ ሹሮው የለም፣ ቅመሙ ብቻ ነው ያለው። ልጁ በጨዋነት «ጋሼ፣ ትንሽ በዛ» አለኝ። ያን ቀን ማታ ይሄን አልበም ከፍቼ ስሰማ ውሻው በአንድ ዘፈን ላይ አንድ እንግዳ ነገር ብቻ እንደሚያስገባ አስተዋልኩ። አንድ። የቀረው ሁሉ ቤተሰብ ነው።

አሁን ሌላ ዘፈን ልውሰድህ፣ ለእኔ የአልበሙ ልብ ነው፤ አይ ዋዝ ቦርን ብሉ። በቀጥታ «ሰማያዊ ሆኜ ተወለድኩ»። እንግሊዝኛው ውስጥ ሰማያዊ ሐዘንም ነው፣ ብሉዝ የሚለው ስም ከዚያ ነው የመጣው፤ አማርኛ ላይ ይሄ ይጠፋብናል። ዘፈኑ ውስጥ ሰውዬው፣ እንደ ሌላው የዓለም ሰው ብርቱካናማ ቆዳና አረንጓዴ ፀጉር ይዤ ለምን አልተወለድኩም ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ትስቃለህ። ከዚያ ዝም ትላለህ። ስለ ሰው ቆዳ ቀለም ሙሉ ዘፈን ዘፈነልህ። ቀለሞቹን አበላሽቶ ሲሰጥህ ነው እውነተኛው ቀለም የሚታይህ። በዚያን ዘመን ጥቁር ነኝ ኮርቻለሁ ብለው በቀጥታ የዘፈኑ ታላላቆች አሉ፣ ክብር ለእነሱ። የዚህኛው ዘፈን ጉልበት ግን ሌላ ነው፤ ሰውዬው አይፎክርም፣ ግራ ገብቶት ይጠይቃል።

ሬድኔክ የሚለውን ደግሞ ልብ በል። ቃሉ የደቡብን ድሃ ነጭ ገበሬ መናቂያ ነው። የጻፈው ራሱ የጆርጂያ ነጭ የሆነው ጆ ሳውዝ ነው። አሁን አስበው፣ ጥቁር ሰው፣ ሜከን ከተማ፣ ነጭ የደቡብ ልጆች እያጀቡት፣ ነጭ ደቡባዊ የጻፈውን በነጭ ደቡባዊ ላይ የሚያሾፍ ዘፈን ይዘፍናል። ስቱዲዮው ውስጥ ያኔ ማን ማንን እያየ እንደሳቀ ባየሁ እላለሁ። ከጆ ሳውዝ ሁለት ዘፈን ወስዷል። ይሄ ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። ሰውዬው የካንትሪ ሙዚቃ ወዳጅ ነው፤ ከጋሪ ዩ ኤስ ቦንድስ ጋር የጻፈው ሺስ ኦል አይ ጋት የሚለው ዘፈን በ1971 መጀመሪያ በሶል ዘፋኝ በፍሬዲ ኖርዝ ድምፅ፣ ከዚያ በጆኒ ፔይቼክ ድምፅ ካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 2ኛ ድረስ ወጥቷል። የጥቁር ሰው ዘፈን መሆኑን ስንቱ የካንትሪ አድማጭ ያውቃል?

ሲንተቲክ ወርልድ ጥሩ ነው፣ ስለ ሰው ሠራሽ ዓለም፣ ስለ ፕላስቲክ ኑሮ፤ ከረግረግ የወጣ ሰው ከተማውን አይቶ ሲያዝን። ዛሬ ብትሰማው ትናንት የተጻፈ ይመስልሃል። ሳል ኤ ፋስተርን እኔ ብዙ አልወደውም። ዘ ወርልድ ቢዮንድ ላይም ትንሽ ይከብደኛል፣ ሌላ ሰው ደግሞ የአልበሙ ምርጥ ነው ይልሃል፤ ፍረድ። ሁሉም ዘፈን ዕንቁ ነው የሚልህን አትመን፣ ያ ሰው ሸክላ ሊሸጥልህ ነው።

ለምን አልተሸጠም ብለሃል። ሙሉ በሙሉ ወደቀ ማለት እንኳን አይቻልም፤ የመጨረሻው ዘፈን፣ ማማስ ቤቢ ዳዲስ ሜይቢ፣ በ1970 ከ40ዎቹ የአር ኤንድ ቢ ዘፈኖች ውስጥ ገብቷል። አልበሙ ግን መደርደሪያ አጣ። ሮክ ሻጩ ጥቁር ዘፋኝ ነው ብሎ ወደ ሶሉ ይገፋዋል፤ ሶል ሻጩ ሽፋኑን አይቶ ይሄ ምን ዓይነት ባለጌ ነው ይላል። ካንየን ትንሽ ኩባንያ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ስዋምፕ ዶግ በ1971 ኤሌክትራ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ጋ ገብቶ ራት ኦን የሚል አልበም አወጣ፤ ሽፋኑ ላይ ግዙፍ ነጭ አይጥ ጋልቦ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። መጥፎ የአልበም ሽፋኖች ተብለው ዝርዝር ሲወጣ ይሄ አይቀርም። ውስጡ ደግሞ የቬትናም ጦርነት ዘመን ላይ እግዚአብሔር አሜሪካን ለምን ይባርካት የሚል ዘፈን አለ። ኤሌክትራ ጋ ብዙ አልቆየም፤ ብዙ መቆየት ነበረበት እንዴ?

አሁን ለምን ያብዱለታል? አንደኛ፣ የተቀዳበት መንገድ አላረጀም። የዘመኑን ፋሽን ሁሉ የጫኑ አልበሞች ከፋሽኑ ጋር ሞቱ፤ ይሄ ግን ከሥሩ አጥንት አለው። ሁለተኛ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የኖረው። ሰው በማስታወቂያ አይደለም ያገኘው፣ እንዳንተ ከካርቶን ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያገኘኸው ነገር ደግሞ የራስህ ይመስልሃል። በ2013 አላይቭ የሚባል ኩባንያ እንደገና አሳተመው፣ ከዚያ አዲስ ትውልድ ሰማው። ሦስተኛ፣ ሰውዬው አልሞተም፣ አላቆመምም። በ2018፣ 76 ዓመቱ ላይ፣ ድምፁን በአውቶ ቲዩን፣ ድምፅ በሚያስተካክለው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አስጨፍልቆ አልበም አወጣ፤ ሽማግሌ አውቶ ቲዩን ምን ይሠራለታል ያሉ ሲሰሙት አለቀሱ።

የፎክና የካንትሪ ዘፋኙ የጆን ፕራይን ነገር ደግሞ አለ። ስዋምፕ ዶግ በ1972 ሳም ስቶን የሚለውን የፕራይን ዘፈን፣ ከቬትናም ሱስ ይዞ ስለተመለሰ ወታደር የሚያወራውን፣ በሶል ቀዳው። ገና ፕራይን ራሱ ጀማሪ ሳለ ነው። ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆይተው በ2020 በወጣ የስዋምፕ ዶግ አልበም ላይ ሁለቱ አብረው ሁለት ዘፈን ዘፈኑ። አልበሙ መጋቢት ላይ ወጣ፣ ፕራይን ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በኮቪድ አረፈ። ውሻው በ2024 ያወጣውን የባንጆና የፊድል አልበም ያሳተመለት ፕራይን የመሠረተው ኦ ቦይ የተባለው ኩባንያ ነው።

እንግዲህ ልሽጥለት ወይ ላልከው። ሸክላውን አውጣና መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ተመልከት። ካንየን ከሚል ስም ጋር ከሆነ፣ የሸክላ እትሞችን ለሚያውቅ ሰው አሳይተህ የ1970 የመጀመሪያ እትም መሆኑን አረጋግጥ፤ ከሆነ ባልደረባህ የሚሰጥህ ዋጋ እንደ ወዳጅ ዋጋ አይደለም፣ እንደ ብልጥ ዋጋ ነው። አላይቭ የሚል ከሆነ አዲስ እትም ነው፣ ደግሞ ይገዛል፣ ብትሸጠውም አትጎዳም። የትኛውም ይሁን፣ በጥርት ያለ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ዙሪያውን ተከትለህ ጥረግ፣ ወረቀቱን አታርጥብ፣ ማጫወቻህ ርካሽ ከሆነ መርፌውን ቀይር።

ከዚያ ለ ገጽን አዙር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖች ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው፣ ይሄም የፕሮዲውሰር እጅ ነው። አንደኛው ላይ ሰውዬው፣ ሚስትነቷ ያንተ ይሁን፣ ልጁ ግን የኔ ነው ይላል። ቀጣዩ ላይ ደግሞ ሌላ ባል ሕፃኑን እያየ የኔ ነው አይደለም ብሎ ይብሰለሰላል፤ አባቱን እናቱ ታውቃለች እንደምንለው። አንዱን ዘፈን ብቻ ከሰማህ ቀልድ ነው። ሁለቱን አከታትለህ ከሰማህ ግን አንድ ሕፃን መሃል ላይ ተቀምጦ ሁለት ወንዶች ሲጨነቁበት ታያለህ። እሱን ሰምተህ ጨርሰህ አሁንም ልሽጠው ካልክ፣ እኔ እገዛዋለሁ።